«ሞተሯ መውረድ አለበት» የተባለችው የአዳማ ሂሉክስ፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ ሁለት ዓመት ያህል ቆማ ስለነበረች የ1994 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ሂሉክስ ነው። ደብል ጋቢና፣ ኤልኤን106 የሚባለው ዓይነት ናት፤ ፊቷም እንደ ኋላዋ ድፍን አክሰል ሆኖ በባሌስትራ የተሸከመ ነው። ሞተሯ 3ኤል ነው፦ 4 ሲሊንደር፣ 2,779 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ቀደም ብለው ያዩዋት መካኒኮች ፍርድ አንድ ነበር፦ ጠዋት አትነሣም፣ በግድ ስትነሣ ግቢውን በነጭ ጭስ ትሞላለች፣ ዳገት ላይ ትሞቃለች፣ ስለዚህ ሞተሯ መውረድ አለበት። ሻጩም ዋጋውን የቀነሱት ይህን ፍርድ አምነው ነው። በስተመጨረሻ ግን ሞተሩ አልወረደም፤ ቴስታታውም (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) አልተነቀለም። እያንዳንዱ ጥፋት ከመፈታቱ በፊት ስለተለካ፣ ለሙሉ እድሳት የታሰበው ገንዘብ አብዛኛው ኪስ ውስጥ ቀርቷል።

እንዲህ ያለች መኪና ዛሬ ፈላጊዋ ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለውን ማዳን ከቅንጦት አልፎ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

ከክፍያ በፊት

ወረቀቱ አጭር ሥራ ነው፤ የሚዘለል ግን አይደለም። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር በዓይን ተመሳከሩ። ባንክም ሆነ ፍርድ ቤት ያስቀመጠው እገዳ እንደሌለ መዝገቡ ካለበት ቢሮ ተጠየቀ። መኪናዋ መጀመሪያ የገባችው በአንድ የዕርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነጻ ስለነበር፣ ቀረጡ ኋላ መከፈሉን የሚያሳየው ሰነድ ፋይሉ ውስጥ መኖሩ ታየ። ይህ ሰነድ ባይኖር ኖሮ ስም ማዛወር አይቻልም ነበር፤ በውክልና ብቻ የተያዘ መኪና ላይ ገንዘብ ማፍሰስም የሰውን ንብረት ማደስ ነው።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ፦ መኪናዋን ቀዝቃዛ ሆና ማየት። ናፍጣ ሞተር በሽታውን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሻጭ ቀድሞ ካሞቀው ግማሹ ምልክት ይጠፋል። ገዢው ሻጩን በስልክ «ጋሼ፣ እኔ እስክመጣ ድረስ ባያስነሷት ደስ ይለኛል፤ ባትሪም እኔው ይዤ እመጣለሁ» ሲላቸው፣ ሽማግሌው «እንዳልክ ልጄ፤ እሷ እንደሆነች ያለ ግፊ አትነሣም» አሉት። ቅን መልስ ነበር፤ ለምርመራውም መነሻ ሆነ።

ቁልፉ ከመዞሩ በፊት የታየው ይህ ነው። የሞተር ዘይቱ ወፍራምና ጥቁር ነው፣ ወተት መሳይ ግን አይደለም፤ ውኃ አልገባበትም። ራዲያተሩ ውስጥ የዘይት ገጽ የለም፣ ነገር ግን ውኃው ዝገት መስሏል፣ አፉ ላይም ነጭ ቅርፊት ይዟል። ከጋቢናው ጀርባ ያለው ሻንሲ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ተፈተሸ፤ በእነዚህ ሂሉክሶች ላይ ከመጠን በላይ ጭነት የሚሰነጥቀው እዚያ ነው፣ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ በጥቁር ቀለም ይሸፈናል። እዚህ ስንጥቅም አዲስ ብየዳም አልተገኘም። ላሜራው ላይ ስቱኮ መኖሩ በማግኔት ታወቀ፤ የአዳማ አየር ደረቅ በመሆኑ ዝገቱ ጭቃ በታጨቀበት የጎማ ግቢና በካሶኒው ወለል ላይ ብቻ ተወስኗል። ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይጠገናል፤ ሻንሲው ከተሰበረ ግን የቱንም ያህል ርካሽ ብትሆን መግዛት አይገባም።

የኮምፕሬሽን ልኬቱና የከፍታው ነገር

ሁለት ዓመት የቆመ ሞተር በቀጥታ በሞተሪኖ አይዞርም። ፋሻዎቹ (ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው ላይ ያለው የዘይት ሽፋንም ደርቋል። ስለዚህ አራቱም ካንዴላዎች (ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ሲሊንደሮቹን የሚያሞቁት) እንዲወጡ ተደረገ፦ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተረጭቶባቸው አደሩ፣ በማግስቱ ጥቂት ወደፊት ጥቂት ወደኋላ እየተባለ ወጡ። በጉልበት ከተጠመዘዙ ጫፋቸው ቴስታታው ውስጥ ይሰበራል፤ ያኔ በእርግጥም ቴስታታ መንቀል ይመጣል። በየቀዳዳው 10 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት ተጨምሮ ሞተሩ በፊት ፑሊው ብሎን በእጅ ዞረ። ሳይነክስ ሁለት ሙሉ ዙር ከዞረ በኋላ የድሮው ዘይት ተደፍቶ አዲስ ዘይትና ማጣሪያ ገባ።

ቀጥሎ የኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) መለኪያ በካንዴላው ቀዳዳ ታሰረ። አሠራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፤ ናፍጣውን በግፊት ለሲሊንደሮቹ የሚያድለው የፖምፓው ነዳጅ ማቋረጫ ሶሌኖይድ ሽቦ ይነቀል፤ የናፍጣ መለኪያ ይሁን፣ የቤንዚኑ ገና በመጀመሪያው ዙር ይሰበራልና። ውጤቱ በየተራ 25.5፣ 26፣ 24.5 እና 25 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ሆነ።

አብሮ የነበረው መካኒክ ቁጥሩን አይቶ «ደካማ ነው» አለ፤ የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ለዚህ ሞተር 32 ኪሎና ከዚያ በላይ ስለሚል። ብዙ ጤነኛ ሞተር የሚወርደው በዚህ ስሌት ነው። የመጽሐፉ ቁጥር በባህር ጠለል ላይ ያለን አየር ያሰበ ነው። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ 32 ኪሎ አዳማ ላይ 26 ገደማ ይሆናል። መጽሐፉ «ከዚህ በታች አይሁን» የሚለው 20 ኪሎም እዚህ ከ16 ብዙም አይበልጥም። በሲሊንደሮቹ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 5 ኪሎ ሲሆን እዚህ የተገኘው 1.5 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ፋሻውም፣ ቫልቩም፣ ጓርኒሲዮኑም (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ለዕድሜው በጣም ደህና ናቸው። ግዢው የተወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ልኬቱ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ እርምጃ ደካማው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው፣ ካላለ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

ነጩ ጭስ ከየት መጣ?

ውኃ ወደ ሲሊንደር ካልገባ ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ወይ ሙቀት አንሷል፣ ወይ ናፍጣው በትክክል አልተረጨም፣ ወይ የሚረጭበት ሰዓት ዘግይቷል። እዚህ ሁለቱ ተደርበው ነበር።

የወጡት ካንዴላዎች በኦም መለኪያ ሲታዩ ሦስቱ ሞተዋል። ምክንያቱን ላያቸው ላይ የተጻፈው ቮልት ተናገረ፦ 6 ቮልት። ይህ የቶዮታ ፈጣን ማሞቂያ ዓይነት ነው፤ ከራሱ መቆጣጠሪያ፣ ከሪሌዎቹና ከሬዚስተሩ ጋር ካልሆነ አይሠራም። አንድ ኤሌክትሪሺያን መቆጣጠሪያውን አልፎ ዳሽቦርዱ ላይ ቡቶን አስገብቶ ስለነበር ካንዴላዎቹ 12 ቮልት በቀጥታ እየተቀበሉ ተቃጥለዋል። በቡቶን ማሞቅ በራሱ ነውር አይደለም፤ በዚያ አሠራር ግን መግባት የነበረበት ለ12 ቮልት የተሠራው ካንዴላ ነው። እዚህ አራቱም በ12 ቮልቱ ዓይነት ተተኩ፣ 80 አምፔር የሚችል ሪሌና ፊውዝ ገባ፣ ቡቶኑ ሪሌውን ብቻ እንዲያዝ ተደረገ። ከዚያ በፊት ሙሉው ጅረት በቡቶኑ ያልፍ ስለነበር ፕላስቲኩ ቀልጦ ነበር። የካንዴላ ማጥበቂያ ልክ 13 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ አጭር ቁልፍና ቀላል እጅ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥፋት አየር ነበር። የዚህ ሞተር ናፍጣ ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ታንኩ) የሚሳበው በራሱ በፖምፓው ውስጥ ባለ መሳቢያ ነው፤ ከማጣሪያው አናት ካለው የእጅ ፖምፓ በስተቀር የሚገፋ ነገር የለም። ስለዚህ ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለ ቀዳዳ ናፍጣ ወደ ውጭ አያፈስም፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መኪናዋ ስትቆም ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፤ ጠዋት ላይ «ያለ ግፊ አትነሣም» የሚባለው ይህ ነው። ለማረጋገጥ በማጣሪያውና በፖምፓው መካከል የሚያሳይ ቱቦ ታሰረ፤ አረፋው ሳያቋርጥ ያልፋል። ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ብሎ ተቀምጦ በቀጥታ ከፖምፓው ጋር ሲገናኝ አረፋው ጠፋ። ፖምፓው ጤነኛ፣ ጥፋቱ ከኋላው ባለው መስመር ነው ማለት ነው። ወደኋላ እየተኬደ ሲፈተሽ ሁለት ቦታ ተገኘ፦ የእጅ ፖምፓው ዲያፍራም፣ እና ከሰልባትዮው አናት ያለው የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ይህ ምርመራ ሳይደረግ ፖምፓ ቤት ተወስዳ ቢሆን ኖሮ ጤነኛው ፖምፓ ተፈትቶ ይታደስ ነበር፤ ጠዋት አለመነሣቷም አይቀርም ነበር።

ሰልባትዮው ወርዶ ታጠበ፤ ከሥሩ ውኃና ጥቁር አተላ ወጣ። አተላው ናፍጣና ውኃ በሚገናኙበት የሚራቡ ተሕዋስያን ነው፤ ማጣሪያ በተቀየረ በሳምንቱ እንደገና የሚዘጋው በእሱ ነው። ስለዚህ አንድ ማጣሪያ ወዲያው፣ ሌላ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንዲቀየር ተወሰነ።

ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኖዝሎች ተፈትተው በእጅ መሞከሪያ ሲታዩ ሁለቱ እንደ ጉም መርጨት ትተው ይንጠባጠባሉ። አራቱም ጫፍ ተቀይሮ የመክፈቻ ግፊታቸው እኩል ተደረገ። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ከኖዝሉ ሥር ያሉት ቀጫጭን ማሸጊያዎች አንዴ ከተጨፈለቁ ዳግም አያገለግሉም። አሮጌውን መመለስ የእሳት ጋዝ በጎኑ እንዲያፈተልክ፣ ኖዝሉም በካርቦን ተጣብቆ ሌላ ጊዜ አልወጣም እንዲል ያደርጋል። ኖዝሉ በ64 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል።

ቺንጋው እና ቫልቮቹ

የታይሚንግ ቺንጋው (ክራንኩን፣ ካምሻፍቱንና ፖምፓውን የሚያገናኘው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት አልነበረም፤ ቶዮታ ለዚህ ሞተር ያወጣው ልክ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። የ3ኤል ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፤ ወረቀት የሌለው ቺንጋ ማለት የሚቀየር ቺንጋ ነው፣ ክርክር የለውም። አብሮት የመወጠሪያው ኩሽኔታ፣ የፊት ክራንክና የካምሻፍት ዘይት መያዣ ጎማዎች ተቀየሩ፤ ዘይት የነካው አዲስ ቺንጋ ዕድሜ የለውም። የክራንኩ፣ የካምሻፍቱና የፖምፓው ጥርሶች ምልክት ላይ ከገቡ በኋላ ሞተሩ ሁለት ዙር በእጅ ዞሮ ምልክቶቹ እንደገና ታዩ። ከማስነሣት በፊት ይህን መዝለል ቫልቭ ያስበላል።

የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር ማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ነው። የሦስተኛው ሲሊንደር ማስወጫ 0.28 ሆኖ ተገኘ። ጠባብ ክፍተት ድምፅ ስለማያሰማ ማንም አይጠረጥረውም፤ ነገር ግን ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ስለሚቆይ ጠርዙ ይቃጠላል። በዚህ ሞተር ማስተካከያው ብሎን ሳይሆን ውፍረቱ የሚለያይ ሺም (ስስ የብረት ዲስክ) ነው፤ በቦታው ያለው በማይክሮሜትር ተለክቶ በ0.15 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ገባና ክፍተቱ 0.43 ሆነ።

ከዚያ ሶሌኖይዱ እንደተነቀለ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩ በሞተሪኖ ዞረ። ሶሌኖይዱ ተመልሶ፣ ካንዴላው 15 ሴኮንድ ሞቆ ቁልፉ ሲዞር ተነሣች፤ ነጩ ጭስ ከደቂቃ በታች ቆይቶ ጠራ።

የአሰላ ዳገት

ሜዳ ላይ እስከ ሶደሬ ተሂዶ የሙቀት መርፌው አልተንቀሳቀሰም። የአዳማ መኪና እውነተኛ ፈተና ግን የአሰላ መንገድ ነው፦ ከመልካሳ ወጥቶ ዴራን ካለፉ በኋላ በኢተያ በኩል 2,400 ሜትር ወዳለችው አሰላ ይወጣል። ከዴራ በኋላ መርፌው ወደ ላይ ጀመረ፤ ጥቁር ጭስም በመስተዋት ታየ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲበርድ ተደረገ፤ የራዲያተሩ ክዳን አልተነካም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ጓርኒሲዮን ነው» ይላል። ለመለየት ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር የጭስ ጋዝ ሲያገኝ ሰማያዊ ቀለሙ በሚለወጥ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ቀለሙ አልተለወጠም። ጓርኒሲዮኑ ንጹሕ ነው። የማቀዝቀዣው መስመር ሲፈታ ግን ሦስት ነገር ወጣ።

ቴርሞስታቱ የለም። «አገሩ ሞቃት ነው» ተብሎ የተነቀለ ነው፤ ይህ ልማድ መቆም አለበት። የቶዮታ ቴርሞስታት ሁለት በር አለው፦ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲነቀል አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይሆናል፤ የሞቀው ውኃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ዳገት ላይ ይሞቃል። በ82 ዲግሪ የሚከፈት አዲስ ተገዝቶ፣ ከመግባቱ በፊት በድስት ውኃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ተፈተነ፤ በ95 ዲግሪ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ መከፈት አለበት።

የራዲያተሩ ክዳን ስፕሪንጉ ሞቷል። ትንሽ ዕቃ ይመስላል፤ አዳማ ላይ ግን ያለ ግፊት ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አሰላ ደግሞ በ92። 0.9 ኪሎ የሚይዝ ጤነኛ ክዳን አዳማ ላይ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል። ከፍ ባለ አገር የክዳን ነገር ከቆላው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ራሱ ራዲያተሩ ነው። የኋላ ገጹ በሙቀት መለኪያ ሲታይ የታችኛው ሢሶ ቀዝቃዛ ነው፤ ውኃ አያልፍበትም። ለዓመታት የቧንቧና የጉድጓድ ውኃ ስለተሞላ ማዕድኑ ቱቦዎቹን ደፍኗል፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ማዕድን እንደሚበዛበት የታወቀ ነው። ኮሩ (ቱቦዎቹ ያሉበት መካከለኛ ክፍል) መዳብ ስለሆነ ራዲያተር ቤት የላይና የታች ገንዳዎቹ ተነቅለው ቱቦዎቹ በቀጭን ዘንግ ተጠረጉና እንደገና ተበየዱ። የሞተሩ ብሎክ ማስወጫ ተከፍቶ ንጹሕ ውኃ እስኪወጣ ታጠበ። ከዚያ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውኃ፣ በድምሩ 10 ሊትር ገደማ ገባ። ኩላንት እዚህ ለበረዶ አይደለም፤ ዝገትን ስለሚከላከልና መፍያውን ስለሚያርቅ ነው።

ጥቁሩ ጭስ የሌላ ሰው እጅ ነበር። የናፍጣውን ከፍተኛ መጠን የሚወስነው የፖምፓው ሙሉ ጭነት ብሎን ማኅተም ተበጥሷል፤ «ጉልበት እንድታገኝ» ተብሎ ናፍጣ ተጨምሮላታል። አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ትርፍ ናፍጣ ጉልበት አይሆንም፤ ጥቁር ጭስና ትርፍ ሙቀት ይሆናል፣ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ደግሞ የቴስታታ መሰንጠቂያ ነው። ፖምፓው መሞከሪያ ላይ ተጭኖ መጠኑ ተመለሰ። በተመሳሳዩ ዳገት፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ መርፌው ከመካከል አልዘለለም፤ ጭሱም ሲረገጥ ብቻ ስስ ሆኖ ታየ።

ፍሬኑ እና የቀረው

ፍሬኑ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ አለመቆሟ የቫኩም ችግር ነው። የ3ኤል ቫኩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ በሞተር ዘይት የሚለሰልስ ነው፤ ቱቦው ተሰንጥቆ ነበር። ቱቦው ተቀየረ። የኋላዎቹ የፍሬን ሲሊንደሮች አፍስሰው ሸራውን አርሰውት ስለነበር ሁለቱም ሲሊንደርና ሸራው በጥንድ ተተኩ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም። ተጣጣፊዎቹ ቱቦዎች አዲስ ገቡ፣ መስመሩ በዶት 3 ታጠበ። ጎማዎቹ ጥርስ ቢኖራቸውም ጎናቸው ስለተሰነጠቀ አምስቱም ተጣሉ።

ከጠቅላላው የጥገና ወጪ ትልቁን የወሰዱት ጎማዎቹ ናቸው፤ ቀጥሎ ኖዝልና ፖምፓ፣ ከዚያ ቺንጋውና አብረውት የተቀየሩት። መኪናዋን «ሞተሯ ይውረድ» ያሰኟት ዕቃዎች፣ ማለትም ካንዴላ፣ የእጅ ፖምፓ፣ ቱቦ፣ ቴርሞስታትና ክዳን፣ አንድ ላይ ተደምረው ከሁለት ጎማ ዋጋ አልበለጡም።

ያልተነካ ነገርም አለ። የፊት አክሰሉ መታጠፊያዎች ዘይት ያልባሉ፤ የውስጥ ዘይት መያዣው ስላለቀ ዘይቱ አልፎ ግሪሱን አቅጥኖታል። ጎማ ወርዶ፣ መታጠፊያው ተፈትቶ የሚሠራ ስለሆነ ከፊት ኩሽኔታዎቹ ጋር በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ተቀጥሯል፤ እስከዚያ የዲፈረንሻል ዘይቱ መጠን በየሁለት ሳምንቱ ይታያል። የካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ ሲቀዘቅዝ ይጮኻል፤ ዘይቱ ተቀይሮ ቀንሷል፣ ኩሽኔታ ድምፅ እስካልጀመረ ድረስም አይፈታም። የሞተር ዘይቱ 15ደብሊው-40 ሆኖ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከማጣሪያው ጋር ይቀየራል፤ አቧራ ባለበት መንገድ የአየር ማጣሪያው በየሳምንቱ ይከፈታል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ በአየር ይነፋል።